የፓርቲያቸውን ወንበር ያጡት፣ የአገሩን ያገኙት፦ ኦላፍ ሾልስ እንዴት ወጡ? እንዴትስ ወረዱ?

ዲሴምበር 16 ቀን 2024 በርሊን ውስጥ ለውጭ ተመልካች ግራ የሚያጋባ ነገር ሆነ። የጀርመኑ መራሔ መንግሥት ኦላፍ ሾልስ የመተማመኛ ድምፅ እንዲሰጣቸው ምክር ቤቱን ጠየቁ። 207 እንደራሴዎች ደገፏቸው። 394ቱ ተቃወሟቸው። 116ቱ ድምፅ ከመስጠት ተቆጠቡ። ሾልስ ተሸነፉ።

ግራ የሚያጋባው መሸነፋቸው አይደለም። ሰውየው አዳራሹ የገቡት ለመሸነፍ ብለው ነው።

ሆን ብሎ የሚሸነፍ መሪ አለ እንዴ? ጀርመን ውስጥ አለ። ሾልስም የመጀመሪያው አይደሉም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ግን ከመጨረሻው ቀን መጀመር አያዋጣም። የሰውየውን መንገድ ከሥሩ መከተል ይሻላል፤ እግረ መንገዳችንን የአገሩን ፖለቲካ አሠራር እናያለን። (ቀንና ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

መራሔ መንግሥት ማነው? ፕሬዚዳንቱስ?

ጀርመን ሁለቱም አሏት። ፕሬዚዳንቱ ርእሰ ብሔር ነው። ሕግ ይፈርማል፣ እንግዳ ይቀበላል፣ ሕጉ ሲፈቅድለት ምክር ቤት ይበትናል። አገር የሚያስተዳድረው ግን መራሔ መንግሥቱ ነው። እኛ ጠቅላይ ሚኒስትር ከምንለው ጋር ይቀራረባል።

ሕዝቡ መራሔ መንግሥቱን በቀጥታ አይመርጥም። የሚመርጠው ቡንደስታግ የሚባለውን የፌዴራል ምክር ቤት ነው። መራሔ መንግሥቱን የሚመርጠው ቡንደስታግ ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ትመጣለች።

የወንበሩ አከፋፈል ደግሞ እንደ ድምፁ መጠን ነው። ከመቶ 20 ድምፅ ያገኘ ፓርቲ ከመቶ 20 ገደማ ወንበር ይይዛል። ከመቶ 5 ያላገኘ፣ ጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች ካልኖሩ በቀር፣ በር ላይ ይቀራል። በዚህ አሠራር አንድ ፓርቲ ብቻውን ከግማሽ በላይ ማግኘቱ ብርቅ ነው። ስለዚህ ምርጫው ሲያልቅ ሽርክና ይጀመራል። ጥምር መንግሥት የሚሉት ይህንን ነው።

ሦስት ሰዎች በሽርክና ሱቅ ከፈቱ እንበል። በሩ ሦስት ቁልፍ አለው፤ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ይዘዋል። አንዱ ተቆጥቶ ቁልፉን ይዞ ከሄደ ሱቁ አይከፈትም። ጥምር መንግሥትም እንዲሁ ነው።

ለዘብተኛ ግራ ሲባልስ?

የሾልስ ፓርቲ ሶሻል ዴሞክራቲክ ፓርቲ ይባላል፤ በጀርመንኛ ምህፃሩ ኤስፔዴ። ሥሩ እስከ 1863 ይደርሳል። የሠራተኛው ፓርቲ ሆኖ ተነሳ። በ1959 ባድ ጎደስበርግ ላይ ባጸደቀው ፕሮግራም የማርክስን መንገድ ትቶ ገበያውን ተቀበለ። ሐሳቡ ባጭሩ ሲነገር፣ ነጋዴው ይነግድ፣ ፋብሪካው ያትርፍ፣ መንግሥት ግን ደመወዝ ከወለል በታች እንዳይወርድ፣ ሥራ ያጣም ሜዳ ላይ እንዳይወድቅ ይጠብቅ የሚል ነው። ኮሚኒስት ማለት አይደለም። እኛ ዘንድ “ግራ” የሚለው ቃል ከሚያስታውሰን ነገር ጋር ባናቀላቅለው ጥሩ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ ፓርቲ አራት መራሔ መንግሥታትን አፍርቷል። ቪሊ ብራንት፣ ሄልሙት ሽሚት፣ ጌርሃርድ ሽሮደር፣ አራተኛው ሾልስ።

ሾልስ ከየት መጡ?

በ1958 ኦስናብሩክ ተወለዱ፤ ያደጉት ሐምቡርግ ነው። ወላጆቻቸው በጨርቃ ጨርቅ ሥራ፣ አያቶቻቸው በባቡር ሐዲድ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። በ1975፣ ገና ተማሪ ሳሉ፣ ፓርቲውን ተቀላቀሉ። በ1980ዎቹ የፓርቲው ወጣት ክንፍ ምክትል ሊቀመንበር ሆኑ። ያኔ ጠጉራቸው የተንዠረገገ፣ ካፒታሊዝምን የሚያወግዙ ወጣት ነበሩ። የኋላውን ራሰ በራ፣ ቁጥብ ሰው ብቻ የሚያውቅ የያኔውን ፎቶ ሲያይ መሳቁ አይቀርም።

ሕግም ተማሩ። ከ1985 ጀምሮ የሠራተኛ ጉዳይ ጠበቃ ሆኑ። ከሥራ የተባረረ ሰው ወክለው ፍርድ ቤት መቆም፣ ውል መስመር በመስመር ማንበብ፣ ለካሣ መደራደር የዕለት ሥራቸው ነበር። እንደኔ እንደኔ የሾልስን ጠባይ ከወጣትነት ፖለቲካቸው ይልቅ የሚያብራራው ይህ የጥብቅና ዘመን ነው። ጠበቃ የማያስፈልግ ቃል አያወጣም። በ1998 ከሐምቡርግ አልቶና ተመርጠው ቡንደስታግ ገቡ።

“ማሽኑ” የሚለው ስም ለምን ወጣላቸው?

በ2002 የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ተደረጉ። በጀርመን ፓርቲዎች የዋና ጸሐፊ ሥራ የመሪውን ሐሳብ በየመድረኩ መከላከል ነው። መከላከል የነበረባቸው ደግሞ ከባድ ነገር ነበር። መራሔ መንግሥት ሽሮደር አጀንዳ 2010 የሚባለውን ማሻሻያ አመጡ። ከሌሎች ነገሮች ጋር፣ ለረጅም ጊዜ ሥራ አጥ የሆነ ሰው የሚያገኘውን ድጎማ የሚቀንስ ነበር። የሠራተኛ ፓርቲ የሠራተኛውን መደገፊያ ሲነካ አስቡት! አባላቱ ተቆጡ። ብዙዎቹ ጥለው ወጡ።

ሾልስ ጋዜጠኛ ፊት በቀረቡ ቁጥር ያንኑ ዓረፍተ ነገር፣ በዚያው ድምፅ ይደግሙ ነበር። ጋዜጦች ስማቸውን “አውቶማት” ከሚለው ቃል ጋር አጣምረው “ሾልሶማት” አሏቸው። ሳንቲም ከተህ ቁልፉን ስትጫን ሁሌም አንድ ዓይነት ዕቃ እንደሚያወጣው ማሽን ማለት ነው። በ2003 የፓርቲው ጉባኤ ለዋና ጸሐፊነት የሰጣቸው ድምፅ 52.6 በመቶ ብቻ ነበር። ተፎካካሪ ሳይኖር ይህን ማግኘት እንደ ጥፊ ነው።

ስማቸው መጠገን የጀመረው በ2007 የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስትር ሲሆኑ ነው። መራሔ መንግሥቷ የሌላው ትልቅ ፓርቲ፣ የክርስቲያን ዴሞክራቶቹ ሰው፣ አንጌላ ሜርክል ነበሩ። የገንዘብ ቀውሱ ሲመጣ ፋብሪካዎች ትዕዛዝ አጡ። ጀርመኖች “ኩርትስአርባይት”፣ ማለትም አጭር ሥራ፣ የሚሉት ዘዴ አላቸው። ድርጅቱ ሠራተኛውን ከማባረር ሰዓቱን ይቀንሳል፤ ከጎደለው ደመወዝ አብዛኛውን መንግሥት ይሸፍናል። ሾልስ ይህ ድጎማ የሚቆይበትን ጊዜ እስከ 24 ወር አራዘሙት። በ2009 ቀውሱ ሲከፋ 1.4 ሚሊዮን ገደማ ሠራተኛ በዚህ መንገድ ሥራው ላይ ቆየ። ገበያው ሲመለስ የሠለጠነው ሰው እዚያው ነበር።

ሐምቡርግ ምን አደረገችላቸው?

መሪ ያደረገቻቸው ሐምቡርግ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሐምቡርግ ከተማም ክልልም ናት፤ ከንቲባዋ ከሌሎቹ ክልሎች ርእሳነ መስተዳድር እኩል ይቆማል። በ2011 ሾልስ 48.4 በመቶ ድምፅ አግኝተው ከ121 ወንበር 62ቱን ያዙ። ብርቅ ያልኩት ነገር ይኸው፦ ሸሪክ ሳያስፈልጋቸው ብቻቸውን አስተዳደሩ።

የሠሩት ነገር ለፎቶ አይመችም። የዩኒቨርሲቲ ክፍያ አስቀሩ። የአምስት ሰዓት የሕፃናት መዋያ ነፃ አደረጉ። በዓመት 6,000 ቤት እንዲሠራ ከግንበኞች ጋር ተስማሙ። ኤልቤ ወንዝ ዳር ተጀምሮ የቆመ አንድ የሙዚቃ አዳራሽም ወረሱ። ኤልብፊልሃርሞኒ ይባላል። ለከተማዋ 77 ሚሊዮን ዩሮ ይፈጃል ተብሎ የተጀመረው ሥራ፣ በ2017 ሲመረቅ 789 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ከኮንትራክተሩ ጋር አዲስ ውል ገብተው ያስጨረሱት ሾልስ ናቸው። ዛሬ የከተማዋ መለያ ነው። የተጀመረ ሕንፃ ዓመታት ሲገተር ማየት ለለመድነው ሰዎች ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም።

ያልተሳካም አለ። ኦሎምፒክ እናዘጋጅ ብለው በ2015 ሕዝቡን ጠየቁ፤ አብዛኛው እምቢ አለ። በጁላይ 2017 የቡድን 20 ጉባኤ ሐምቡርግ ተደረገ። ከዚያ በፊት ሾልስ ጉባኤውን በየዓመቱ ከሚከበረው የወደብ በዓል ጋር አመሳስለው፣ በሰላም ያልቃል የሚል መንፈስ ያለው ንግግር አድርገው ነበር። አልሆነም። መኪና ተቃጠለ፣ ሱቅ ተዘረፈ፤ ከንቲባው ነዋሪውን ይቅርታ ጠየቁ።

ከዚያ ዘመን አንድ ጥያቄ እስከ በርሊን ተከትሏቸዋል። በ2016 የከተማው ግብር መሥሪያ ቤት ከአንድ የሐምቡርግ ባንክ 47 ሚሊዮን ዩሮ የማስመለስ መብቱ ሲያልፍ ዝም አለ። ከንቲባው በዚያው ሰሞን የባንኩን ሰዎች አግኝተው ነበር። ጣልቃ አልገባሁም፣ ንግግራችንንም አላስታውሰውም አሉ። የምርመራ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ተፅዕኖ ማድረጋቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አልወጣም። ገንዘቡም በኋላ ተከፍሏል። “አላስታውስም” የምትለዋ ቃል ግን ለተቃዋሚዎች መሣሪያ ሆና ቀረች።

የገዛ ፓርቲያቸው ሳይመርጣቸው እንዴት እጩ ሆኑ?

በ2018 የሜርክል የገንዘብ ሚኒስትርና ምክትል መራሔ መንግሥት ሆኑ። በ2019 መገባደጃ ፓርቲያቸው ሊቀመንበር ሲመርጥ ከክላራ ጋይቪትስ ጋር ተጣምረው ተወዳደሩ። ተሸነፉ። አባላቱ 53 በመቶውን ድምፅ ለሳስኪያ ኤስከንና ለኖርበርት ቫልተር ቦርያንስ ሰጡ። ሁለቱ ከሾልስ ይልቅ ወደ ግራ የሚያደሉ ናቸው። የአገሪቱ ሁለተኛ ሰው በገዛ ቤቱ ተናቀ። ብዙ ጋዜጠኛ አለቀላቸው ብሎ ጻፈ።

ከዚያ ኮሮና መጣ። በማርች 2020 የገንዘብ ሚኒስትሩ ድርጅቶች እንዳይከስሩ ያለ ገደብ ብድር እናቀርባለን አሉ፤ “ባዙካ” (ታንክ መምቻ መሣሪያ) ብለውም ሰየሙት። በጀቱ ጉድለት እንዳያሳይ ሲጠብቁ የኖሩት ሰው ካዝናውን ወለል አድርገው ከፈቱት። ሰው ተረጋጋ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ እነዚያው ያሸነፏቸው ሊቀመናብርት ለመራሔ መንግሥትነት አጯቸው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ አባላት የሚወዱት ሰውና መራጭ የሚያምነው ሰው አንድ ላይሆን ይችላል።

ፓርቲው ያኔ በሕዝብ አስተያየት መመዘኛ 15 በመቶ አካባቢ ነበር። ሾልስ አልተጣደፉም። በጁላይ 2021 ከባድ ጎርፍ ሲደርስ የክርስቲያን ዴሞክራቶቹ እጩ አርሚን ላሼት፣ ፕሬዚዳንቱ ስለ አደጋው ሲናገሩ ከኋላ ሲስቁ ካሜራ ያዛቸው። የአረንጓዴዎቹ እጩ አናሌና ቤርቦክ በሕይወት ታሪካቸው ስሕተት ተወጠሩ። ሾልስ ምንም አልሆኑም። ሜርክል ሁለት እጃቸውን ገጥመው የሚሠሩትን የታወቀ ምልክት እየሠሩ ለመጽሔት ፎቶ ተነሱ። መልእክቱ ግልጽ ነው፦ ሜርክል ናፍቃችኋል? እኔ አለሁላችሁ። ከዚህም ጋር 12 ዩሮ የሰዓት ዝቅተኛ ደመወዝ የሚል ጨበጥ የሚደረግ ቃል ገቡ። ሴፕቴምበር 26 ቀን ፓርቲያቸው በ25.7 በመቶ አንደኛ ወጣ። ክርስቲያን ዴሞክራቶቹ 24.1 አገኙ።

ሩብ ድምፅ ይዞ አገር መምራት ይቻላል?

በሽርክና ይቻላል። ሾልስ ከአረንጓዴዎቹና ከነፃ ዴሞክራቶቹ ጋር ተጣመሩ። የፓርቲዎቹ መለያ ቀለም ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ስለሆነ ሰው “የትራፊክ መብራት” አለው። ዲሴምበር 8 ቀን 2021 ቡንደስታግ በ395 ድምፅ መረጣቸው። ከጦርነቱ ወዲህ ዘጠነኛው መራሔ መንግሥት ሆኑ።

ሦስቱ ሸሪኮች ግን ስለ ገንዘብ አይግባቡም። የሾልስ ፓርቲ ለደመወዝና ለጡረታ ማውጣት ይፈልጋል። አረንጓዴዎቹ ለአየር ንብረት ማውጣት ይፈልጋሉ። ነፃ ዴሞክራቶቹ የነጋዴው ፓርቲ ናቸው፤ ግብር አይጨመር፣ ዕዳም አይግባ ይላሉ። የገንዘብ ሚኒስቴርን ቁልፍ የያዙት ደግሞ የነሱ መሪ፣ ክርስቲያን ሊንድነር ናቸው። ሁለት ሸሪክ ማውጣት ይፈልጋል፤ የካዝናው ቁልፍ ያለው ግን ማውጣት የማይፈልገው ኪስ ውስጥ ነው። ታዲያ እንዴት ተስማሙ? ለኮሮና ተፈቅዶ ያልወጣ ብድር ነበር። እሱን ለአየር ንብረት ሥራ እናዙረው አሉ። 60 ቢሊዮን ዩሮ።

ጦርነቱ ምን ለወጠ?

ሥልጣን በያዙ በሦስተኛው ወር ገደማ ሩሲያ ዩክሬንን ወረረች። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2022፣ ሾልስ በምክር ቤቱ “የዘመን መታጠፊያ” ላይ ነን አሉ። ለጦር ሠራዊቱ 100 ቢሊዮን ዩሮ ልዩ ፈንድ አስታወቁ። ለአሥርት ዓመታት ጦሩን ችላ ላለ አገር ትልቅ ነገር ነው። ከሩሲያ ሊመጣ የነበረውን አዲስ የጋዝ ቧንቧ አስቁመዋል። ከጦርነቱ በፊት ጀርመን ከውጭ ከምታስገባው ጋዝ ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከሩሲያ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ በመርከብ የሚመጣ ጋዝ መቀበያ ቪልሄልምስሃፈን ላይ ተከፈተ። በክረምቱ ቤት አልቀዘቀዘም።

መሣሪያ በመላክ ላይ ግን ቶሎ አይቆርጡም ነበር። ሊዮፓርድ ታንክ ለመላክ እስከ ጃንዋሪ 2023 ቆዩ። ደጋፊዎቻቸው ጥንቃቄ ነው፣ ከኒውክሌር አገር ጋር ቀልድ የለም አሉ። ተቺዎቻቸው ማመንታት ነው አሉ። ለምን እንደዘገዩ ሲጠየቁ የሚመልሱት ያው የ“ማሽኑ” መልስ ነበር። ከንቲባ ሳሉ ያዋጣቸው ዝምታ እዚህ ጋ ማስከፈል ጀመረ። ሰው ዋጋ ሲወደድበት፣ ጦርነት ሲቀርበው፣ መሪው አፍ አውጥቶ እንዲነግረው ይፈልጋል።

የዕዳ ልጓም ምንድነው? መንግሥትስ እንዴት ይጥላል?

የታሪኩ እምብርት እዚህ ነው።

በ2009 ጀርመን በሕገ መንግሥቷ ላይ አንድ ደንብ ጻፈች። የዕዳ ልጓም እንበለው። የፌዴራል መንግሥቱ በመደበኛ ጊዜ በዓመት መበደር የሚችለው ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 0.35 በመቶ ብቻ ነው። አገሪቱ በዓመት 100 ዩሮ ብታመርት መንግሥት የሚበደረው 35 ሳንቲም ነው ማለት ነው። እንደ ወረርሽኝ ያለ ድንገተኛ አደጋ ሲመጣ ምክር ቤቱ ልጓሙን ማላላት ይችላል። ደንቡ ሲወጣ የሾልስ ፓርቲ የመንግሥቱ ሸሪክ ነበር፤ እሳቸውም የዚያ ካቢኔ ሚኒስትር ነበሩ።

አሁን እድር እናስብ። አንድ ዓመት በሰፈሩ ለቅሶ በዛ። አባላቱ ተሰብስበው፣ ለዚህ ዓመት ብቻ እድሩ ተበድሮም ቢሆን ይሸፍን ብለው ወሰኑ። ለቅሶው ከተፈራው አነሰና ከተፈቀደው ብድር ተረፈ። በሚቀጥለው ዓመት ኮሚቴው፣ የተረፈውን ፈቃድ ለአዳራሽ ጣሪያ እንጠቀምበት አለ። ጣሪያው ያፈሳል፤ መጠገኑ ጥሩ ነው። ግን አባላቱ የፈቀዱት ለለቅሶ፣ ያውም ለዚያ ዓመት ነው። አንዱ አባል ተነስቶ ይህ ከደንባችን ውጭ ነው ቢል ትክክል ነው።

ያንን ያደረገው አባል የተቃዋሚዎቹ የክርስቲያን ዴሞክራቶች ቡድን ነው፤ መሪው ፍሪድሪሽ ሜርስ። ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ኖቬምበር 15 ቀን 2023 ፍርድ ቤቱ 60 ቢሊዮኑን ማዛወር ከሕግ ውጭ ነው ብሎ ሻረው።

ብዙ ሰው ይህን እንደ በጀት ዜና አይቶ አለፈው። ግን ገንዘቡ የትዳሩ ማጣበቂያ ነበር። ሦስቱ ፓርቲዎች ሳይጣሉ የኖሩት በሱ ነው። እሱ ሲወጣ ጥያቄው እርቃኑን ቀረ፦ ወይ ወጪ መቀነስ፣ ወይ ግብር መጨመር፣ ወይ ልጓሙን ማላላት። ለእያንዳንዱ መፍትሔ ከሦስቱ አንዱ እምቢ ይላል። ኢኮኖሚውም በ2023 እና በ2024 በተከታታይ ቀነሰ።

ኖቬምበር 6 ቀን 2024 ማታ ሾልስ ሊንድነርን አባረሩ። አሜሪካ ውስጥ የትራምፕ ማሸነፍ የተሰማበት ቀን ነው። ዩክሬንን ለመርዳት ልጓሙን እናላላ ብለው ጠይቀው፣ ሊንድነር አሻፈረኝ ብለዋል። ያን ማታ ሾልስ ካሜራ ፊት ቆመው ሰውየው እምነቴን ደጋግሞ አጉድሏል አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ነበር። ማሽኑ ተቆጣ!

ታዲያ ለምን ሆን ብለው ተሸነፉ?

ሊንድነር ቁልፋቸውን ይዘው ሄዱ። ሾልስ በምክር ቤቱ አብላጫ አጡ። ሌላ አገር ቢሆን በማግስቱ ምርጫ ይጠራል፣ ወይም መሪው ይወርዳል። ጀርመን ውስጥ መራሔ መንግሥት በገዛ ፈቃዱ ምርጫ መጥራት አይችልም። ቡንደስታግም ራሱን መበተን አይችልም።

ምክንያቱ ያለፈ ጠባሳ ነው። ከ1919 እስከ 1933 ባለው ጊዜ ጀርመን 20 ያህል መንግሥታት አፈራረቀች፤ መጨረሻው ሂትለር ሆነ። ስለዚህ አዲሱን ሕገ መንግሥት የጻፉት ሰዎች መንግሥት መጣልን አከበዱት። ምክር ቤቱ መራሔ መንግሥቱን ማውረድ የሚችለው በዚያው ድምፅ ተተኪውን ከመረጠ ብቻ ነው። የእድር ዳኛ አልፈለግነውም ማለት አይበቃም፤ ማን ይተካው የሚለውን በአንድ አፍ መመለስ ግድ ነው። ይህ መንገድ በፌዴራል ደረጃ የተሳካው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1982፣ ሄልሙት ኮል ሽሚትን ሲተኩ ነው።

ሌላው በር የመተማመኛ ድምፅ ነው። መራሔ መንግሥቱ ራሱ ይጠይቃል። ካላገኘ ፕሬዚዳንቱ በ21 ቀን ውስጥ ምክር ቤቱን መበተን ይችላል። ምርጫው በ60 ቀን ውስጥ ይደረጋል። ወደ አስቸኳይ ምርጫ ለመድረስ በዚህ በር መሸነፍ ያስፈልጋል ማለት ነው። ብራንት በ1972፣ ኮል በ1982፣ ሽሮደር በ2005 ያደረጉት ይህንኑ ነው።

በዚያ የዲሴምበር ቀን አንድ ነገር ልብ በሉ። አረንጓዴዎቹ ገና የመንግሥቱ ሸሪክ ነበሩ፤ ግን ድምፅ ከመስጠት ተቆጠቡ። ለምን? ቀኝ አክራሪው አማራጭ ለጀርመን ፓርቲ ለተንኮል ብሎ ሾልስን ቢደግፍና አረንጓዴዎቹም ቢጨመሩ፣ የሚያስፈልገው 367 ድምፅ ሊሞላ ይችል ነበር። ሾልስ በስሕተት ያሸንፉ ነበር!

ከዚህ ሁሉ እኛን የሚነካን አለ?

አለ። በሜይ 2023 ሾልስ አዲስ አበባ መጥተው ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድንና የአፍሪካ ኅብረት ሰዎችን አነጋገሩ። ኅብረቱ በቡድን 20 ቋሚ ወንበር ይኑረው የሚለውን ጥያቄ ደገፉ፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ኒው ዴልሂ ላይ ወንበሩ ተሰጠ።

ጀርመን ለሚኖር ሐበሻ ደግሞ በቀጥታ የሚነካው የዜግነት ሕጉ ነው። በጁን 2024 ሥራ ላይ የዋለው የሾልስ መንግሥት ሕግ፣ ዜግነት ለመጠየቅ የሚያስፈልገውን የመኖሪያ ጊዜ ከስምንት ዓመት ወደ አምስት አወረደው። የቀድሞ ዜግነትን መተውም ግዴታ መሆኑ ቀረ። ይህ ግን የጀርመን በር ብቻ ነው። በኢትዮጵያ በኩል የዜግነት ዐዋጅ ቁጥር 378/1996 (ይህኛው ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አለ፤ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥራል። ጀርመን ሁለቱንም ያዝ ስላለች ሁለቱንም ያዝኩ ማለት አይቻልም። በየቡና መጠጫው የምሰማው ትልቁ ግራ መጋባት ይህ ነው። ደህና ለተዋሐዱ ሰዎች የታሰበው የሦስት ዓመቱ አቋራጭም በኦክቶበር 2025 በአዲሱ መንግሥት ተሰርዟል፤ አምስት ዓመቱ እንዳለ ነው።

ከዚያስ ምን ሆነ?

ምርጫው ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2025 ተደረገ። የሾልስ ፓርቲ 16.4 በመቶ አገኘ፤ ከጦርነቱ ወዲህ በፌዴራል ምርጫ ያገኘው ዝቅተኛው ነው። ክርስቲያን ዴሞክራቶቹ በ28.5 በመቶ አንደኛ ወጡ፣ አማራጭ ለጀርመን በ20.8 ሁለተኛ። የሊንድነር ፓርቲ አምስት በመቶውን ሳያልፍ ከምክር ቤቱ ጨርሶ ወጣ።

በማርች፣ አዲሱ ምክር ቤት ከመሰብሰቡ በፊት፣ አሮጌው ቡንደስታግ በጥድፊያ ሕገ መንግሥቱን አሻሻለ። ከአገሪቱ ምርት አንድ በመቶ በላይ የሚሆነው የመከላከያ ወጪ ከዕዳ ልጓም ነፃ ወጣ። ለመንገድ፣ ለባቡርና ለመሳሰለው 500 ቢሊዮን ዩሮ የብድር ፈንድ ተፈቀደ። ሐሳቡን ይዘው ከቀረቡት አንዱ ሜርስ ናቸው። አዎ፣ ስለ 60 ቢሊዮኑ ፍርድ ቤት የሄዱት ሜርስ። ሾልስ ያኔ ገና ተተኪ እስኪመጣ መራሔ መንግሥት ነበሩ።

ሜርስ ሜይ 6 ቀን መራሔ መንግሥት ሆነው ተመረጡ፤ ያውም በመጀመሪያው ዙር ስድስት ድምፅ ጎድሏቸው፣ በሁለተኛው። የሾልስ ፓርቲ ሸሪካቸው ሆኖ ገባ፤ የገንዘብ ሚኒስቴሩንም ቁልፍ ወሰደ። ሾልስ ሚኒስትር አልሆኑም። ፖትስዳም ላይ የራሳቸውን ወንበር አሸንፈው ስለነበር ቡንደስታግ ውስጥ ከተራ እንደራሴዎች ጋር ተቀመጡ።